የሉባባ ሰርግና የሙሂዬ ቁርጭምጭሚት

ደሴ ከተማ ውስጥ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የወደቀበት ቀን የእርምጃ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተጽፎ ይታያል። ከሥሩ ያለው የቀናት ቁጥር በየማለዳው በአንድ ይጨምራል። ይህ ታሪክ በተጀመረበት ዓርብ ሰባት ሺህ ስልሳ ሁለት ደርሶ ነበር። ሰው በየቤቱ፣ በየገላ መታጠቢያው አይወድቅም ማለት አይደለም። ጽሕፈት ቤቱ የሚቆጥረው ደግፌን ለብሶ የወደቀውን ብቻ ነው፤ ደግፌን የለበሰ ደግሞ አይወድቅም።

ደግፌ የሰው ስም ይመስላል እንጂ ልብስ ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ ያንን ስም አስታውሶ የጠራው ሰው ግን የለም። ከወገብ እስከ ተረከዝ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። በሰው ፈንታ ይነሳል፣ በሰው ፈንታ ይራመዳል፣ ዳገት ላይ በሰው ፈንታ ይደክማል። ልጅ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ይለብሰዋል፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ካልፈለገ ሊተወው ይችላል። ከመኝታ ሌላ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለገላና ለማናፈስ ተብሎ፣ በግቢ ውስጥ ማውለቅ ይፈቀዳል።

ሙሂዬ አሊ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ቤቱ ሆጤ፣ ሥራው ሰኞ ገበያ አጠገብ ባለ የዕቃ ማከፋፈያ። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ደግፌውን እግሩ ላይ ያስገባል፤ ልብሱም ወገቡ ላይ ገጥሞ፣

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ሙሂዬ። ልነሳልዎ?» ይለዋል።

«ተነስ» ይላል ሙሂዬ። ይነሳለታል።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የሙሂዬ ጉዳይ አይደለም። እግሩ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ ዳገቱን ይወጣል፤ እሱ ቂጣውን ይገምጣል፣ አንዳንዴም ያንቀላፋል። መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። ሁለት ጎረቤታሞች እያወሩ ሲሄዱ ደግፌዎቻቸው መለያያው ጋ ሲደርሱ ይለያዩዋቸዋል፤ ወሬው አልቆ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

እህቱ ሉባባ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እናታቸው አባታቸውን ተከትላ ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ጸጉሯን መጎንጎን የተማረው፣ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ኩፍኝ ሲይዛት አጠገቧ ያደረው ሙሂዬ ነው። አሁን ልታገባ ነው። ሙሽራው ኑረዲን ደህና ልጅ ነው፤ ሰርጉ ከዐሥራ ሦስት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠዋል።

በነሙሂዬ ዘር ወግ ሙሽራ ከአባቷ ቤት የምትወጣው በወንድሟ ጀርባ ታዝላ ነው። ከበሩ እስከ ግቢው መዝጊያ ዐሥራ ስድስት የድንጋይ ደረጃ አለ። እናታቸው የወጣችው እንዲያ ነው፣ የእናታቸውም እናት እንዲያ። አሁን ግን ሙሽሮች በተሽከርካሪ ጋሪ ነው የሚወጡት፤ ደግፌ የለበሰ ሰው ከሁለት ኪሎ በላይ ከተሸከመ ልብሱ ባለበት ደርቆ ይቆማልና።

«እኔ እንደ ሽንኩርት በጋሪ አልጫንም» አለች ሉባባ ገና ቀኑ እንደተቆረጠ። «ታዝለኛለህ አታዝለኝም?»

«ስንት ኪሎ ነሽ?»

«ሃምሳ ሦስት። ደግሞ ሰው እህቱን ስንት ኪሎ ነሽ ይላል እንዴ?»

«አዝልሻለሁ» አላት። ቃል ነው። ደግፌውን በግቢ ውስጥ ማውለቅ እንደሚፈቀድ ያውቃል፤ ደረጃውም ግቢ ውስጥ ነው። እግሩ ሰው መሸከም ይችል እንደሆነ ግን አላሰበም። ከዐሥር ዓመቱ ጀምሮ እግሩን የጠየቀው ነገር የለም።

በማግስቱ፣ ያ ዓርብ ማለት ነው፣ ገላውን ታጥቦ ሲወጣ እርጥቡ ደፍ ላይ ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፈበት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ።

ሉባባ ጮኻ የጠራችው ከአጥሩ ማዶ ያሉትን ጋሽ አራጋውን ነበር። ጋሽ አራጋው ደግ ሰው ናቸው፤ ከደግነታቸው ላይ የቅቤ ቅል ይዘው መጡ።

«ወለምታ ነው። ሳይበርድ ነው የሚታሸው! ያዢልኝ እሱን!» አሉ።

አሹት። ቁልቁል አሹት፣ ሽቅብ አሹት፤ ከዚያ ተረከዙንና ጣቶቹን ይዘው ጎትተው ጠመዘዙት። ሙሂዬ ሆጤን ያናወጠ ጩኸት ጮኸ።

«ገባ!» አሉ ጋሽ አራጋው ላባቸውን እየጠረጉ። ምን እንደገባ አልተናገሩም። «በል አሁን ጠንክረህ ርገጥበት።»

ረገጠበት። እስከ ረፋዱ ድረስ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ደግፌውን ሊለብስ ሲሞክር ልብሱ አልገጥም አለ፤ «ይቅርታ፣ እብጠት ተገኝቷል፤ አሳውቄያለሁ» አለው በትሕትና። ምሳ ሳይደርስ የጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ መጣ። ለአርባ ቀን የቀኝ ቁርጭምጭሚት ማጠፊያው ይቆለፋል። ማናቸውንም ነገር መሸከም ለዘለቄታው ተከልክሏል። ትእዛዙን የጣሰ ወደ ተቀማጭነት ይዛወራል። ተቀማጭ ማለት ወንበር የተመደበለት ሰው ነው፤ ወንበሩ ይዞት ይሄዳል፣ ወንበሩ ያሳድረዋል። ከወንበር ተመልሶ የቆመ ሰው ደሴ ውስጥ አይታወቅም።

ሉባባ ወረቀቱን አንብባ ፊርማው ላይ ቆመች። «ይማም በሽር፣ የሪፖርት አንባቢ። ሙሂዬ፣ ይሄ የኑረዲን አባት አይደሉም እንዴ?»

ናቸው።

ሙሂዬ ወረቀቱን ተቀብሎ አጣጠፈው። «ጋሪውን እናስጌጠው ይሆናል» አለ። ሉባባ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አንሻ መጡ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሰባ ሲያልፋቸው ደግፌን ትተዋል። ከሰፈሩ በታች ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በወጣትነታቸው፣ ሰው ገና ይወድቅና ይነሳ በነበረበት ዘመን፣ ሆስፒታል ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበሩ። አባታቸው ደግሞ ስመ ጥር ወጌሻ ነበሩ። እሳቸው በእግራቸው ዳገት ሲወጡ ልጆች እያዩ ይከተሏቸዋል፤ ትርኢት ነውና።

ገብተው እግሩን አዩ፤ ቅቤውን አሸተቱ።

«ማን ነው ይሄን ያሸው?»

«ጋሽ አራጋው» አለች ሉባባ።

«አይ አራጋው! አባቴ ወጌሻ ነበር፤ ያበጠን ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን አሽቶ አያውቅም። ‹የተቆጣን ሰው ይበልጥ አታስቆጣው› ነበር የሚለው። ቅቤውን ሽሮ ላይ ቢጨምረው ምን አለበት!» ወደ ሙሂዬ ዞሩ። «እዚህ አጥንቱ ላይ ስጫንህ?»

«ያማል፤ ግን አልጮህም።»

«እዚህስ? ከኋላው?»

«ደህና ነው።»

«ተነስና አራት እርምጃ ሂድ። እኔን ይዘህ።»

እያነከሰ አራት እርምጃ ሄደ።

«አልሃምዱሊላህ። አጥንቱን ብነካህ ብትዘል ወይ አራቱን እርምጃ እምቢ ብትል ኖሮ በቀጥታ ወደ ራጅ ነበር የምልክህ። ይሄ አልተሰበረም። ጅማቱ ተለጥጧል፤ የተወሰነውም ተበጥሷል። ይድናል።»

«እትዬ፣ ተቆልፏል እኮ» አለ ሙሂዬ ወረቀቱን እያሳየ።

«ቀን ይቆለፍ። ሁለቷን ሰዓት ማን ቆለፈብህ?»

«ሉባባን ማዘል አለብኝ። በዐሥራ ሦስት ሳምንት።»

እትዬ አንሻ እግሩን፣ ከዚያ ባቱን፣ ከዚያ ፊቱን አዩ። «በዚህ የዶሮ ባት?» አሉ። ሉባባ ከጓዳ ውስጥ ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። «አብሽር። ጅማት ተቀፍድዶ አይጠነክርም፤ ተጎትቶም አይጠነክርም። ትንሽ፣ ትንሽ፣ በየቀኑ ነው። ለዛሬና ለነገ ግን ከልብህ ከፍ አድርገህ ስቀለው፣ በጨርቅ ሳታፍነው ጠቅልለው፣ ተወው።»

በሦስተኛው ቀን ማለዳ የሙሂዬ ሁለተኛ ትምህርት ቤት በእትዬ አንሻ ግቢ ተከፈተ። ደግፌው እዚያ ያደርሰዋል፤ እሱም አውልቆ አጥሩ ላይ ይሰቅለዋል፤ ሁለት ሰዓት ይጀምራል።

የመጀመሪያው ሥራ ፊደል መቁጠር ነበር። በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሎ፣ በአውራ ጣቱ አየር ላይ ሀ ሁ ሂ ይጽፋል። በመጀመሪያው ቀን ለ ላይ ቆመ። በሳምንቱ መጨረሻ ሠ ደረሰ። «አጻጻፍህ ደግሞ አያምርም» ይላሉ እትዬ አንሻ ጎመን እየቀነጠሱ። ቀጥሎ በአንድ እግር መቆም መጣ፤ በተጎዳው። መፋቂያውን አፉ ውስጥ አድርጎ ጥርሱን ፍቆ እስኪጨርስ እንዲቆም ታዘዘ። እንደ ሰካራም ተወዛወዘ፤ የቡና ዛፍ ላይ ወደቀ። አብራ የመጣችው ሉባባ እያሾፈችበት ራሷም ደግፌዋን አውልቃ ሞከረች፤ እሷም ወደቀች። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቁጥሩ በአንድ ጨመረ።

«አመመኝ» ይላል ሙሂዬ።

«እንዴት ያለ ሕመም?»

«ሕመም ነዋ እትዬ!»

«ሕመም ሁለት ነው። የሚያጉረመርም አለ፣ የሚጮህ አለ። ሲያጉረመርም ሥራህን ቀጥል፤ ሰነፍ ሠራተኛ ነው፣ ይለምዳል። ሲጮህ ግን ወዲያው አቁም። የዋልክበትን ደግሞ ማግስቱን ጠዋት ጠይቀው። ከትናንት ካልባሰ መጠኑን አውቀሃል ማለት ነው።»

ይህን ሁሉ ዘመን ደግፌው ነበር የሚያቆመው። እግሩ የሚለውን መስማት እንግዳ ቋንቋ የመማር ያህል ሆነበት። ግን ለመደው። ደፍ ላይ ቆሞ በጣቶቹ ጫፍ መነሳትና ተረከዙን ቀስ አድርጎ መመለስ ተማረ፤ መጀመሪያ አምስት፣ ከዚያ ዐሥር፣ ከዚያ ሠላሳ። አርባው ቀን ሞልቶ ቁልፉ ሲከፈት ደግፌው «የቀኝ እግርዎ ያልታዘዘ ጉልበት አሳይቷል፤ ልብሱ ይመርመር?» አለው። «አይመርመር» አለው ሙሂዬ።

ከዚያ መሸከም መጣ። አምስት ሊትር ጀሪካን፣ ዐሥር ሊትር፣ ሃያ ኪሎ ጤፍ። እትዬ አንሻ ሸክም ሲነሳ ወገብ እንዳይጠማዘዝ፣ ጭነቱ ከደረት እንዳይርቅ፣ ጉልበት እንዲታጠፍ እየጮኹ አስተማሩት።

በስምንተኛው ሳምንት ላይ አጠፋ። የዚያን ቀን ሉባባ የሰርግ ቀሚሷን ለክታ፣ «ሙሂዬ፣ እማ ብታየኝ» ብላ አልቅሳ ነበር። ሙሂዬ ወደ ጓዳ ገባ፤ ገና ሃያ ኪሎ ላይ መሆኑን እያወቀ ደግፌውን አውልቆ ሃምሳ ኪሎ የጤፍ ጆንያ ጀርባው ላይ ጫነና ደረጃውን ወረደ። ዐሥራ ስድስቱን ጨረሰ። ቁርጭምጭሚቱ አምስተኛው ላይ ጮኾ ነበር፤ አልሰማውም። ማለዳ ላይ እግሩ አብጦ፣ ወገቡም ተይዞ ተገኘ።

እትዬ አንሻ ፊት ሲቀርብ ስድብ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን ሃያ ኪሎውን ጤፍ ወደ ጓዳቸው መልሰው አምስት ሊትሯን ጀሪካን አቀበሉት።

«ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ።»

«እትዬ! ሰርጉ እኮ አምስት ሳምንት ነው የቀረው!»

«ሰርጉን አልሰማሁም። እኔ የምሰማው እሱን ነው» አሉ፤ ወደ ቁርጭምጭሚቱ በጎመን አገዳ እየጠቆሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባትችል ምን ትሆናለህ?»

ሙሂዬ መልሱን ያውቀዋል። ለሉባባ እናትም አባትም ሆኖ የከረመው በቃል ነው፤ አበላሻለሁ፣ አስተምርሻለሁ፣ አልሄድም። አንዱንም አላጠፈም። ይህኛው የመጨረሻው ቃል ነው፤ ከዚህ በኋላ የሌላ ቤት ሰው ናት። ይህን ሁሉ ግን አልተናገረም። «አፍራለሁ» ብቻ አለ።

«ማፈር ጅማት አይበጥስም» አሉ እትዬ አንሻ። «ጀሪካኑን አንሳ።»

የሰርጉ ዕለት እሑድ ነበር፤ ፀሐይ የጦሳ ተራራን አብርታ ግቢውን ሞልታዋለች። ድቤው ይመታል። ከታች መዝጊያው ጋ ኑረዲን ከሚዜዎቹና ከአባቱ ጋር ቆሟል። አቶ ይማም ቀጭን፣ ጸጥተኛ ሰው ናቸው፤ ሙሂዬ ያለ ደግፌ ከበሩ ብቅ ሲል ፊታቸው ላይ ምንም አልተነበበም። ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሪፖርት ሲያነቡ የኖሩ ናቸው፤ አሁንም ያነቡ ጀመር።

ሉባባ ደግፌዋን ጓዳ ትታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ወንድሟ ጀርባ ላይ ወጣች።

«ከበድኩህ?»

«እንደ ጤፍ ነሽ፤ ዝም በይ።»

እልልታው ቀለጠ። አንድ። ሁለት። ሙሂዬ ጉልበቱን እያጠፈ፣ ሙሉ ጫማውን ድንጋዩ ላይ እያሳረፈ ወረደ። አራት ላይ ቁርጭምጭሚቱ አጉረመረመ፤ ተወው። ሰባት ላይ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጋሽ አራጋው ከታች «የኛ አንበሳ! ደረስክ! መሬት እንዳታስነካት!» እያሉ ይጮኻሉ። ዘጠኝ። ዐሥር።

ዐሥረኛው ላይ ጮኸ።

ሙሂዬ ቆመ። ስድስት ደረጃ ነው የቀረው። ጥርሱን ቢነክስ ስድስት ደረጃ ምንድን ነው? ከታች ሰማንያ ሰው አንገቱን አቅንቶ ያየዋል። የሴት አያቱ፣ የእናቱ ወግ እህቱን ይዞ ጀርባው ላይ ተቀምጧል። ጆንያውን አሰበ። ጆንያ ቢወድቅ ጤፍ ነው የሚፈሰው።

«ሉባ» አለ በቀስታ። «ላወርድሽ ነው።»

«አመመህ?»

«ጮኸ።»

«አውርደኝ በቃ» አለች ወዲያው።

ጉልበቱን አጥፎ አወረዳት። ባዶ እግሯ ድንጋዩን ነካ። እልልታው እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ። ድቤውም ዝም አለ። ጋሽ አራጋው «ኤዲያ!» አሉ። ሙሂዬ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ጆሮው ጋለ።

ያን ጊዜ ከላይ ከበሩ ላይ የአንዲት አሮጊት እልልታ ብቻውን ተነሳ። እትዬ አንሻ ነበሩ። «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ! ከማዘልህ ይልቅ ማውረድህ!» ይላሉ። ሰው ግራ ገብቶት ዞሮ ያያቸዋል።

አቶ ይማም ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ደግፌያቸው ያለ ድምፅ ወደ ዐሥረኛው ደረጃ አደረሳቸው። ሉባባ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«አባ፣ እኔ ነኝ እዘለኝ ያልኩት። ከጻፉ እኔን ይጻፉኝ።»

«ቆይ ልጄ።» ወደ ሙሂዬ ጎንበስ ለማለት ሞከሩ፤ ልብሱ አልፈቀደላቸውም። «ማን ነው ቁም ያለህ?»

«ማንም የለም። እግሬ ነው።»

«እግርህ።»

«አዎ። ጮኸ፤ አቆምኩ።»

«የስንቱን ሰው ሪፖርት አንብቤአለሁ» አሉ አቶ ይማም፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ልብሱ አቆመው፣ ልብሱ ቆለፈው፣ ልብሱ ከለከለው። ሰውየው ራሱ ቆመ የሚል አንድም አላነበብኩም።» ቁርጭምጭሚቱን አዩት። «ጉዳት አለ?»

«የለም!» አሉ እትዬ አንሻ ከላይ። «ካላመንክ ወርጄ አራት እርምጃ አስኬድልሃለሁ!»

ሰው ሳቀ። አቶ ይማምም ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ሪፖርት የሚጻፈው ጉዳት ሲኖር ነው። ያንን ትእዛዝ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የምሰርዘውም እኔው ነኝ። ሰኞ ብቅ በል።» ከዚያም ወደ ታች፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሙሽራ ከአባቷ ቤት በወንድሟ ጀርባ ወጥታለች። ያላየ አለ?»

«አይተናል!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ከሁሉ ቀድመው የጮኹት ጋሽ አራጋው ነበሩ።

የቀረውን ስድስት ደረጃ ሉባባ በእግሯ ወረደችው። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በጣቶቿ እየቀመሰች። ባቷ ሲንቀጠቀጥ ከላይ ይታያል። «ይቀዘቅዛል!» እያለች ትስቃለች። ድቤው ከሷ እርምጃ ጋር እኩል መምታት ጀመረ። ኑረዲን እጁን ዘርግቶ ተቀበላት፤ እሷም መጨረሻው ላይ ዞራ ወንድሟን አየችው። ምንም አላለችም። እጇን ልቧ ላይ አድርጋ ነበር።

ሙሂዬ ዐሥረኛው ደረጃ ላይ እንደተቀመጠ ሰው በአጠገቡ እያለፈ ወረደ። «ተባረክ» ይሉታል፤ «አሜን» ይላል። ዕድሜ ይስጥህ፤ አሜን። የልጅህን ሰርግ ያሳይህ፤ አሜን። ልቡ እንዲህ ቀልሎት አያውቅም ነበር። ቃሉን ሙሉውን አልፈጸመም፤ ግን እህቱ ደህና ወርዳለች፤ እግሩም ነገ ይራመዳል።

ግቢው ጭር ሲል ተነሳ። ግድግዳውን ይዞ፣ ግራውን አስቀድሞ፣ አንድ በአንድ ወደ ላይ ወጣ። እትዬ አንሻ በሩ ላይ ሳንቃ ተደግፈው ቆመዋል።

ደሴ ውስጥ የትልቅ ሰው ጉልበት መሳም ከቀረ ቆይቷል። ደግፌ ያን ያህል አይታጠፍም፤ ሰው በሩቁ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ያልፋል። ሙሂዬም ሰው ሲስም አይቶ አያውቅም፤ ሲወራ ነው የሰማው። ጎንበስ አለ። ወገቡን አቅንቶ፣ ሁለቱን ጉልበቶቹን አጥፎ፣ ተረከዞቹን መሬት ላይ አሳርፎ እስከ ታች ድረስ ወረደ።

«ምን ሆንክ? ቀስ በል!» አሉ እትዬ አንሻ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

ቀኝ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ግራውን ሳመ። ከዚያ ማንም ሳይደግፈው ቀስ ብሎ ተነሳ።